ነፋስን በወንፈል

ሥነ ጽሑፋችን የሚያመሰግናቸው የጉልበት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ገበሬው ከነሞፈሩ፣ አርበኛው ከነጎፈሬው፣ ሸማኔው ከነመወርወሪያው፣ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህም ሯጩ ከነባዶ እግሩ በግጥማችንም ሆነ በቲያትራችን ውስጥ ተገቢ ቦታቸውን ይዘዋል። አንድ ሠራተኛ ግን እስከ ዛሬ ደጅ እየጠና ነው፤ እርሱም የጎዳና ብስክሌተኛ ነው። ሠራተኛ ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። «ስፖርት» ወይም «ጨዋታ» የሚለው ስያሜ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በጋዜጣ የስፖርት ዐምድ ላይ የምናነበው የአሸናፊውን ስምና የገባበትን ሰዓት ነው፤ ከስሙና ከሰዓቱ በስተኋላ ያለው ድካም፣ ረኃብ፣ ስብራትና አንዳንዴም ሞት ብዙውን ጊዜ አይወሳም። የኪነ ጥበብ ሰው ተግባር ያልተወሳውን ማውሳት እንደ መሆኑ፣ አንድ ገጣሚ ስለ ብስክሌት ብዕር ቢያነሣ እንግዳ ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ መናገር ለአገሬ ሰው ብዙ ስለማይነግረው፣ በማውቀው መንገድ ልለካው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ከ80 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሁለቱም ከተሞች የሚገኙት ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ላይ ነው። በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ቆሞ ይታያል፤ ከእርሱ የሚወርዱት ወንዞችም ወደ ዓባይ ሲያመሩ አገሩን ደጋግመው ይሰነጥቁታል። ስለዚህ መንገዱ ለተመልካች ሜዳ ይምሰል እንጂ ለእግር ሜዳ አይደለም። ቁልቁል ወርዶ ያሳርፋል ሲሉት አቀበት ያወጣል፤ አቀበቱን ጨረስሁ ሲሉ ሌላ ሸለቆ ይከፍታል። ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፎ ሞጣ እስኪደርስ ጠባዩ ይኸው ነው።

እንግዲህ የፈረንሳይ ዙር የሚባለው ውድድር በ23 ቀን ውስጥ ሁለት ቀን ብቻ ዕረፍት ያለው የ21 ቀን ሥራ ነው። ጠቅላላ ርቀቱ 3400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ለአንድ ቀን ሲካፈል 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በእኛ አገር መለኪያ፣ አንድ ሰው ማለዳ ከቢቸና ተነሥቶ ሞጣ ይደርስና ዕለቱን ቢቸና ይመለሳል ማለት ነው፤ በነጋውም ይደግመዋል፤ እንዲህ እያለ 21 ጊዜ ይመላለሳል። ያውም በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ነው። በአውሮፓ ጋዜጦች «የዙሩ ጣሪያ» እየተባለ የሚወደሰው የጋሊቢዬ ማለፊያ ቁመቱ 2642 ሜትር ነው፤ ከቢቸና ገበያ እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ከፍታ ሳንባ ከአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የእነርሱ ተወዳዳሪዎች ሊላመዱት ተራራ ወጥተው የሚሰነብቱበትን አየር የእኛ ልጆች በጀርባ ታዝለው ሲተነፍሱት ያድጋሉ።

ይህን መንገድ እኔም አንድ ጊዜ በብስክሌት ሄጄበታለሁ። ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር። ሞጣ የምንማር ሁለት የአንድ መንደር ልጆች ለኅዳር ሚካኤል አገራችን ቢቸና ለመግባት፣ ያጠራቀምናትን ብር አዋጥተን ሁለት ብስክሌት ተከራየን። ማርሽ የሌላቸው፣ ክብደታቸው እንደ ቀንበር የሚጫን ብስክሌቶች ነበሩ። ሳይነጋ ተነሣን። ረፋዱ ላይ ከፊት ለፊታችን ነፋስ ሲነሣ ጉልበታችን ከዳን። ያን ጊዜ ማንም ሳያስተምረን አንድ ዘዴ አገኘን፤ አንዳችን ከፊት ሆነን ነፋሱን ስንቀበል ሌላው ከኋላ ተጠግቶ ያርፋል፤ የፊተኛው ሲደክም የኋለኛው ይቀድማል። ጓደኛዬ እየሳቀ «ይኸ እኮ ወንፈል ነው» አለኝ።

ከደብረ ወርቅ ወዲህ ካሉት ቁልቁለቶች በአንዱ ላይ ግን የጓደኛዬ ፍሬን እምቢ አለ። ከጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከአንገትና ከትከሻ መካከል ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና አንሥቶ ቢቸና አደረሰን፤ ወጌሻም አሰረው። ጤፍ የሚታጨድበት ወቅት እየደረሰ ነበርና፣ ለቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ለሆነው ለጓደኛዬ ከስብራቱ ይልቅ ያስጨነቀው ማሳው ነበር። ወንፈሎቹ ግን ተራውን አልዘለሉትም። እርሱ ክንዱን በነጠላ አንግቶ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ሲያይ፣ እነርሱ የአባቱን ጤፍ አጭደው ከመሩለት። ብድሩንም በዓመቱ በጉልበቱ መለሰ።

ያ ጉዞ ሁለት ነገር አሳየኝ፤ ነፋስ በጋራ እንደሚቻልና የወደቀ ሰው ብቻውን እንደማይቻለው። በኋላ ስለ ዓለም ብስክሌተኞች ባነበብሁና ባየሁ ቁጥር ነገሩ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

በመጀመሪያ ገላውን እንመልከት። ብስክሌተኛው በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል ፔዳሉን ያዞራል፤ አምስት ሰዓት በሚፈጅ ቀን 27000 ጊዜ ይሆናል። በከባድ የተራራ ቀን የሚያቃጥለው ኃይል 6000 ካሎሪና ከዚያም በላይ ነው፤ ይህም ለአንድ ተራ ሰው ከሁለት ቀን ቀለብ ይበልጣል። ስለዚህ ከኮርቻው ሳይወርድ ይበላል፣ ሳይወርድ ይጠጣል። መብላቱን ለጥቂት ጊዜ የዘነጋ እንደ ሆነ ጡንቻው ስንቁን ይጨርስና ዓይኑ ይጨልማል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃን በእግሩ ቢከተለው የሚደርስበት ይሆናል። በአቀበት ላይ እያንዳንዷ ኪሎ ክብደት ጠላት ስለ ሆነች ገላውን እንደ ባሕታዊ ያከሳዋል። ልቡ ሰፍቶ ጭኑ ብረት ሲሆን፣ አጥንቱ ግን በአንፃሩ ይሳሳል፤ ምክንያቱም አጥንት የሚጠነክረው መሬት እየረገጠ ሲመታ ነው፤ ብስክሌተኛው ግን መሬት አይረግጥም። ከሁሉ ይልቅ ለመውደቅ የተጋለጠው ሠራተኛ አጥንቱ የሳሳ መሆኑ የዚህ ሙያ መራራ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሜዳ ላይ የብስክሌተኛው ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው አየርን በመግፋት ነው። ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ግን ከጉልበቱ ሩቡን ወይም ሲሶውን፣ በብዙዎች መካከል ሲሆን ደግሞ ከዚያም የበለጠ ያተርፋል። ከዚህ የተነሣ ብስክሌተኞች በብቸኝነት አይሄዱም፤ «ፔሎቶን» የሚባለውን ታላቅ ጭፍራ ሠርተው ይጓዛሉ። ከጭፍራው ጥቂት ሰዎች አፈትልከው ሲወጡ የሚታየው ትርኢት ለቲያትር ጸሐፊ የሚያስቀና ነው። እርስ በርሳቸው ባላንጣ የሆኑ፣ በቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ያለ ውል ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ነፋሱን ይቀበላል፣ ወደ ጎን ይላል፣ ሌላው ይተካል። ተራውን የሚሸሽ በሁሉ ዘንድ የተናቀ ነው። ወንፈሉ የሚፈርሰው መግቢያው ሲታይ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለው ወንፈል ብቻ አይደለም፤ ሎሌነትም አለ። እያንዳንዱ ቡድን አለቃ አለው፤ የቀሩት ለእርሱ ይሠራሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች የተሰጣቸው የፈረንሳይኛ ስም «ዶሜስቲክ» ሲሆን ትርጉሙ የቤት አሽከር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የፈረንሳይ ዙር አዘጋጅ የነበረው ኦንሪ ዴግራንዥ ቃሉን በአንድ ተወዳዳሪ ላይ የሰነዘረው ለስድብ ነበር፤ በኋላ ግን የማዕረግ ስም ሆኖ ቀረ። አሽከሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመኪና ውኃ ይቀበላል፤ የውኃ ኮዳዎቹን በሹራቡ ውስጥ አጭቆ ጭፍራውን እየሰነጠቀ ለጓዶቹ ያደርሳል። የአለቃው ጎማ ሲተነፍስ የራሱን ፈትቶ ይሰጣል። የአቀበቱን ግማሽ ነፋስ እየከፈለ ይወጣና ጉልበቱ ሲሟጠጥ ወደ ጎን ብሎ ይቀራል፤ ካሜራውም ትቶት ይሄዳል።

ከመቀሌ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በፈረንሳይ ዙር በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዓለም ከፍተኛ ደረጃ ባላቸው ቡድኖች ውስጥ ለዓመታት ሲሠራ ዋና ተግባሩ ይኸው ነበር፤ ለሌሎች በአቀበት ላይ መክፈል። እኛ ወርቅ ካልመጣ ዜና የማይመስለን ሕዝብ ስለ ሆንን ስሙን በሚገባው መጠን አላነሣነውም። ደቦ ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ደቦውን የጠራው ባለማሳ እንጂ አጫጁ አይደለም እንደሚባለው ዓይነት ነገር ነው።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። ተራራን የወጣ ሁሉ መውረድ አለበት። በቁልቁለት ላይ ብስክሌተኛው በሰዓት 80፣ አንዳንዴም እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይበርራል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ፣ ከዚያም ወደ ደጀን የወጣ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የከባድ መኪና ፍሬን ሲጨስ አይቷል። ብስክሌተኛው በእንዲህ ያለ ስፍራ ሲወርድ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ያለች፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ቦታ ናት። ልብሱ ስስ ነው። ብረትም መስተዋትም አይከልለውም።

እ.ኤ.አ. በ1995 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ጣሊያናዊ ፋቢዮ ካዛርቴሊ በፒሬኔ ተራራ ቁልቁለት ወድቆ በ24 ዓመቱ ሞተ፤ በራሱ ላይ ቆብ አልነበረም። በ2011 ቤልጂጋዊው ቫውተር ቬይላንት በጣሊያን ዙር፣ በ2023 ስዊሳዊው ጂኖ ሜደር በአገሩ ዙር፣ ሁለቱም በ26 ዓመታቸው፣ ሁለቱም በቁልቁለት ወድቀው አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የመከላከያ ቆብ ግዴታ ይሁን ሲባል ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አድመው አስቀርተውት ነበር። ግዴታ የሆነው በ2003 የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ ወድቆ ጭንቅላቱ ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ተራ ሕግ እንኳ በሰው ሕይወት ተገዝቶ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከገላ አቅም በላይ መጠየቅም እንዲሁ ይገድላል። የእንግሊዙ ቶም ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1967 በቫንቱ ተራራ አቀበት ላይ በሐምሌ ሙቀት ወድቆ ሲሞት በደሙ ውስጥ አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ተገኝቷል። መድኃኒቱ ጉልበት አልጨመረለትም፤ ገላው «በቃኝ» ብሎ የሚጮኸውን ድምፅ ነበር የዘጋበት።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ አንድ ታሪክ አለ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ አገኘ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ኦሊምፒክ፣ ከ15 ቀን በፊት፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ ክኑድ ኤነማርክ የንሰን የተባለ የዴንማርክ ብስክሌተኛ በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር ላይ በብርቱ ሙቀት ራሱን ስቶ፣ ጓደኞቹ በሁለት በኩል ቢደግፉትም ወድቆ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ዕለቱን ሞተ። ሞቱ ለብዙ ዘመን በመድኃኒት ሲመካኝ ኖሮ፣ በኋላ የመረመሩት ሰዎች ነገሩ ያን ያህል የተረጋገጠ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በዚያ ኦሊምፒክ የእኛም ብስክሌተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ገረመው ደንቦባ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍም ተወዳድሯል። ያን ጊዜ የተካፈልነው በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ሁለቱ የአንድ ቀን ልደት ያላቸው መንትዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። አንደኛውን እንደ ልጅ አሳደግነው፤ ሌላውን ግን እንደ እንግዳ አየነው።

ባለፈው ዓመት እኅቴ ከሞጣ ስልክ ደወለችልኝ። በአካባቢው ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ትምህርት ሲቋረጥ ልጇን ባሕር ዳር ካሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ልካው ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የብስክሌት ከተማ ናት። ልጁ በዚያ ብስክሌት ላይ ወጣ፤ ከብስክሌት ላይም አልወርድ አለ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር በኪጋሊ ሲካሄድ በስልክ ሲከታተል ውሎ፣ «ተወዳዳሪ እሆናለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ያ የኪጋሊ ውድድር 267 ኪሎ ሜትር ተኩል የፈጀ፣ ከጀመሩት ከ160 በላይ ተወዳዳሪዎች 30 ብቻ የጨረሱት ነበር። የልጁን ዓይን የሳቡት ግን 30ዎቹ ናቸው። ከዚያ በፊትም ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ሹራብ ሲወስድ አይቷል። በትግራዩ ጦርነት ምክንያት አገሯን ለቅቃ የወጣችው እየሩ ተስፎአም ገብሩም በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ስትጋልብ አይቷል።

«አንተ የተማርህ ነህ፤ ምከረው» አለችኝ እኅቴ። «እኔ ልጄን ለአስፋልት አልወለድሁትም። ያ ጓደኛህ ሲወድቅ ወንፈል ነበረው፤ ጤፉን አጨዱለት። የእኔ ልጅ ቢወድቅ ማን ያጭድለታል?»

የተማርሁት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሆነኝም። ልጁንም ስጠይቀው የመለሰልኝ በሌላ ጥያቄ ነው፤ «ጋሼ፣ ብስክሌት ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?»

ሥራ ነው ብዬ መለስሁለት። ሥራ በመሆኑም ለሥራ የሚገባው ሁሉ ይገባዋል። ከሠራተኛው የሚጠበቅ አለ፤ ቆብ ሳያደርጉ ፔዳል አለመርገጥ፣ ፍሬንን ሳይፈትሹ ቁልቁለት አለመውረድ፣ በመድኃኒት ጉልበት አለመበደር፣ ትምህርትን አለማቋረጥ። ከማኅበረሰቡም የሚጠበቅ አለ፤ የከባድ መኪናው ሾፌር ከጎኑ ሲያልፍ ርቀት እንዲሰጠው፣ ክለቡ ሐኪምና የአደጋ መድን ሳያዘጋጅ ልጅን ለውድድር እንዳያሰልፍ፣ የወደቀው ሲነሣ የሚመለስበት ትምህርት ቤት ወይም ሙያ እንዲኖር። ለእኅቴም የነገርኋት ይህንኑ ነው። እርሷ ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እንግዲያው ቆቡን አንተ ግዛለት፤ የቀረውን ደግሞ ጻፈው» አለችኝ። ቆቡን ገዝቼ ልኬያለሁ። የቀረው ይኸውና።

ቬይላንት በሞተ ማግሥት የሆነውን ነገር ለዚህ ልጅ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የዕለቱ ጉዞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ያን ቀን ማንም አልተሽቀዳደመም። ቡድኖቹ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ከፊት ሆነው ነፋሱን እየተቀበሉ ጭፍራውን መሩ፤ በመጨረሻም የሟቹ ጓዶች ከፊት ወጥተው፣ የሌላ ቡድን አባል የሆነውን የቅርብ ወዳጁን ከመካከላቸው አስገብተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው መሥመሩን ተሻገሩ። ለቀኑ አሸናፊ አልተጻፈለትም። የእኛ ሰው ቢያየው ለቅሶ ነው ይላል፤ ወንፈልም ነው ቢል አልተሳሳተም፤ ለወደቀው ሰው የቀረውን መንገድ ተከፋፍለው ጨርሰውለታልና።